ቀስ ብለሽ ቶሎ ነይ

ግንቦት ላይ የመቂ ፀሐይ ሰው አይምርም። በደርግ ጊዜ እዚያ አንድ የመንግሥት እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። የደረሰው ሽንኩርት የክረምቱ ዝናብ ሳይመጣ ተነቅሎ፣ ጭራው ተቆርጦ፣ በጆንያ ሆኖ መኪና ላይ መውጣት አለበት። ዝናብ ከቀደመው ይበሰብሳል። ከበሰበሰ ደግሞ ስንፍና አይባልም፤ «አሻጥር» ነው የሚባለው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው ወዴት ሄደ ተብሎ አይጠየቅም። ባለቤቴ ዘምቶ ልጆቹ በእኔ እጅ ነበሩና ያቺ ቃል ስትነሳ ልቤ ይርድ ነበር።

ካቧችን ጠና ያሉ የዱግዳ ኦሮሞ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። እንደሳቸው ሰው ማሠራት የሚያውቅ እስካሁን አላየሁም።

ማሳው አጠገብ የነበረው አንድ ግራር ብቻ ነው። ሌላ አለቃ ቢሆን የሚወዳትን ሴት ጥላው ሥር ያስቀምጣል። እሳቸው ግን ከግራሩ ሥር እስከ ፀሐዩ ድረስ በረድፍ ያስቀምጡናል። አንዷ ዘፈን ታወጣለች፣ እኛ እንቀበላለን፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሁላችንም አንድ አንድ ቦታ ፈቀቅ እንላለን። ግራሩ ሥር የነበረችው ተነስታ ፀሐዩ ጫፍ ትሄዳለች። ፀሐይ ላይ ያለችው እጇ አይሰንፍም፤ ጥላው እየመጣላት ነዋ። አልነሳ ያለች እንደሆነ፣

«አንቺ፣ ግራሩን አገባሽው እንዴ?» ይሏታል።

«ከባሌ ይሻላል እትዬ፣ አይጮህብኝም።»

«ተነሺ፣ ጣውንቶችሽ መጥተዋል።»

በሳቅ ቢላዋው ከእጃችን ይወድቃል። ሙቀቱ ሲብስ ነጠላችንን ቦይ ውስጥ ነክረው ራሳችን ላይ ጣል ያደርጉልናል። ስንጣደፍ ካዩ ደግሞ «ሱታ፣ ሱታ» ይላሉ። በኦሮምኛ ቀስ ማለት ነው። የተጣደፈች ሴት ጭራውን ከአንገቱ አስጠግታ ትቆርጠዋለች፤ እንደዚያ የተቆረጠ ሽንኩርት ጆንያ ውስጥ ይበላሻል። ወይም እኩለ ቀን ሳይሆን እሷው ራሷ ትወድቃለች።

አንድ ቀን ከናዝሬት አዲስ ካድሬ መጣ። ወጣት ነው፤ ኦሮምኛ ጥቂት ጥቂት ለምዷል። ከግራሩ ጀርባ ቆሞ ሲሰማ ቆየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሥራ አዘግዩ እያሏቸው ነው? በዘመቻ ሰዓት?» አላቸው።

ዘፈኑ ቆመ። እትዬ ቢላዋቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። እሱም ዞር ብሎ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። የጥላው ተራ የኔ ስለነበር ቅርቡ ያለሁት እኔ ነኝ።

«ጓዲት፣ አንቺ ንገሪኝ። ሱታ ምን ማለት ነው?»

ልዋሽ ብል ያውቀዋል። እውነቱን ብናገር እሳቸውን ይወስዳቸዋል። ዝም ብል እኔኑ። ልጆቼ ዓይኔ ላይ ድቅን አሉ። አፌ እንዴት እንደተከፈተ አላውቅም።

«ቀስ ማለት ነው ጓድ» አልኩት።

ከኋላዬ የሴቶቹ ትንፋሽ ቀጥ አለ።

«ግን እኔ ልጄን ወፍጮ ቤት ስልካት፣ ቀስ ብለሽ ቶሎ ነይ እላታለሁ። እንደሱ ነው። ዱቄቱ እንዳይደፋባት ነው እንጂ እንድትቆይ ብዬ አይደለም።»

ካድሬ ያደርጋል የሚባለውን ክፉ ነገር ሁሉ ስጠብቅ፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ የሚመስል ነገር መጣ።

«እናቴም ላምባ ስትልከኝ እንደሱ ትል ነበር» አለ፣ ለራሱ የሚያወራ ይመስል። የታሰሩትን ጆንያዎች አየ፣ እኛን አየ። «ቀጥሉ» ብሎ ሄደ።

እትዬ የራሳቸውን እርጥብ ነጠላ አምጥተው ራሴ ላይ ጣሉልኝ። ተመስገንም፣ ጎበዝም አላሉኝ። ዘፈኑ ስለቆመ ተራዬ ያለቀ መስሎኝ ልነሳ ስል ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

«ዘፈኑ መቼ አለቀ?» አሉ፣ ወደ ሴቶቹ ዞረው።

ከተቋረጠበት አነሱት። ነጠላው ራሴ ላይ እስኪደርቅ ድረስ ስንኝ በስንኝ ላይ እየጨመሩ ዘፈኑን አልጨረሱትም። ፀሐዩ ጫፍ ላይ ከነበሩት አንዷም አላጉረመረመች።