የልክነሽ ክር

አቶ አስናቀ ለሁለት ዓመት ተመድበው ከጎጃም አርባ ምንጭ መጡና፣ ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ አስተምረው እዚያው ጡረታ ወጡ። ግትር ናቸው፤ ያስተማሯቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ግላኮማ ዓይናቸውን ከዳር ከዳር መብላት ሲጀምር ግን አንድ ነገር አስፈራቸው። ስለ መሬት መግነጢስ ዕድሜ ልካቸውን ሲያወሩ ኖረው፣ አንድ ቀን እንኳ በገዛ እጃቸው ሳይለኩት ዓይናቸው ሊጠፋ ነው።

ጓዳውን አስለቀቁ። ከተበላሸ የጆሮ ማዳመጫ ማግኔት አውጥተው፣ ስባሪ መስታወት ለጥፈውበት፣ ባዶ የማር ብርጭቆ ውስጥ በክር አንጠለጠሉት። ከገበያ የተገዛች ሌዘር መስታወቱ ላይ ታበራለች፤ ቀይ ነጥብ ማዶ ግድግዳ ላይ ያረፈ ማስመሪያ ላይ ትወድቃለች። የመሬት መግነጢስ ጥቂት ቢነቃነቅ ማግኔቱ ይዞራል፣ ነጥቧም ትንሸራተታለች።

ክሩን የፈተለችው ባለቤታቸው ልክነሽ ናት፣ የጨንቻ ሸማኔ ልጅ።

«አስኔ፣ ጥጥ እርጥበት ሲሸተው ይዞራል» አለቻቸው ስትሰጣቸው። «እናቴ ዝናብ ባዘለ ቀን እንዝርት አታነሳም ነበር።»

«ይሄ ሳይንስ ነው እንጂ ጋቢ አይደለም» ብለው ሳቁባት።

ነጥቧ ጧት ወደ ግራ፣ ቀትር ላይ ወደ ቀኝ ትሄድ ጀመር። አቶ አስናቀ መሬት ስትተነፍስ ያዩ መሰላቸው። በቀን አራት ጊዜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቁጥሩንና የዕለቱን አየር እየመዘገቡ ዘጠኝ ደብተር ሞሉ።

ዘንድሮ በግንቦት፣ ድሮ ያስተማሯት ሜሮን ልትጠይቃቸው መጣች፤ አሁን የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ደብተሮቹን ስታገላብጥ ፊቷ እየከበደ ሄደ።

«ቲቸር፣ ነጥቧ በጣም የምትሸሸው ዝናብ በጣለ ቀን ነው።»

የብርጭቆውን ክዳን ከፍታ ክሩ ላይ ቀስ ብላ ተነፈሰችበት፤ መልሳም ዘጋችው። ነጥቧ ስንዝር ያህል ሄዳ እዚያው ቆመች። ሦስት ዓመት የለኩት ከአባያ ሐይቅ የሚመጣውን እርጥበት ነበር።

«ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ቀጭን የናይለን ክር አለ፤ እንደገና ይጀምሩ» አለች ሜሮን።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ልጄ። ቁጥሩን ማየት ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ። የምታነብልኝም የምትጽፍልኝም ልክነሽ ናት።»

ሜሮን ከሄደች በኋላ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ታውቂ ኖሯል?»

«ነገርኩህ፣ ሳቅህ። ኋላ ቁጥሩን ሳነብልህ ብቻ ደስ እንደሚልህ አየሁና ዝም አልኩ።»

አቶ አስናቀ አፈሩ፤ ከማፈርም በላይ ባዶ ሆኑ። ልክነሽ እንደ ልማዷ እስክሪብቶውን አነሳች።

«ቀትር ሆኗል፣ አስኔ። ሠላሳ አንድ ላይ ናት። ልጻፈው?»

ወደ ግድግዳው ዞሩ። ነጥቧን ፈለጓት፤ እሷም አልታየቻቸውም።

«አትጻፊው» አሉ።