በተዘጋ መስኮት ወደ ዳባት

ከበላያችን ተራራው ላይ ያለው ፓርክ በተቃጠለ ሰሞን ደባርቅ ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። አንዱ አይሱዙ ወጣቱን ጭኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሌላው ፊቱ የጠቆረ ሰው ጭኖ ይወርዳል፣ ሴቱ በሶና ውሃ ይሰበስባል፣ ልጁ ሁሉ አጥር ላይ ተሰቅሎ ወደ ተራራው ያያል። እንደ እኔው መምህር የሆነው ባሌም አካፋውን ይዞ ወጥቷል። እኔ ራሴ እውነቱን ልናገርና ልቤ ከመኪናው ጋር ነበር የሄደው። ከተማው እንዲህ ሲነቃነቅ ቤት መቀመጥ አይሆንልኝም። ግን አስም ያለባት የስምንት ዓመት ልጅ አለችኝ። ጭሱ ደግሞ ከላይ ከአስታው ጫካና ከሣሩ እየተነሳ ቀስ እያለ ወደ እኛ ይወርድ ነበር።

ልጄ ወሬ ትወዳለች። ጧት ከአልጋ ሳትወርድ የጀመረችውን ወሬ የሚያስጥላት እንቅልፍ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የወሬዋ ጠባቂ ነኝ፤ ይህን ያስተማረችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። «ወሬዋን ስሚ» አለችኝ። «ዓረፍተ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ከጨረሰችው አትፍሪ። ቃል በቃል እየቆረጠች ካወራች ግን ፓፉን ስጫት፤ ካልተሻላት ወደ ሕክምና ሩጪ።» ፓፍ የምንለው በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ነው። ለብቻው ሲነፋ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ የውሃ ፕላስቲክ ቂጡን በስተን እዚያ እንሰካውና ልጅቱ በጠርሙሱ አፍ በኩል ትስበዋለች። ሌላ ሰው ቤት ቆሻሻ የሆነው ጠርሙስ እኛ ቤት ታጥቦ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው።

ያን ዕለት ጧት ጭሱ ግቢያችን ገብቶ አገኘሁት። ገመድ ላይ ያደረው የትምህርት ቤት ልብሷ ሳይቀር ይሸታል። እሷ ግን ተደስታለች፣ እሳቱን ማየት አማራት። «እማዬ… ዛሬ… አባዬ ጋ… እንሂድ?» አለችኝ። የወሬዋን መቆራረጥ ስሰማ ወደ ጠርሙሱ ሮጥሁ። ፓፉን ሰጠኋት፣ ቀለል አላት። ጭሱ ግን እየጨመረ ነው። ዳባት ያለችው እህቴ ስትደውል «እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አምጫት» አለችኝ። ሻሼን እንኳ በቅጡ ሳላስር መናኸሪያ ደረስን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔና የዚህ መንገድ ተሳፋሪ በመስኮት ጉዳይ የቆየ ጠብ አለን። ከደባርቅ እስከ ጎንደር መኪና ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ነፍስ እንዳጠፋ ነው የሚታየው። ንፋስ ይመታል፣ ምች ይይዛል፣ አንገት ይቆለምማል ይላሉ። መስታወቱ በሰው ትንፋሽ አልቦ ውሃ ሲያንጠባጥብ እንኳ ጣት የምታስገባ ክፍተት አይፈቅዱልህም። ልጄ ከታመመች ወዲህ እኔ የከፋቾች ወገን ነኝ፣ ወገኑም እኔው ብቻ ነኝ፣ ሁልጊዜም እሸነፋለሁ።

ያን ቀን ግን ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ላይ እንደወጣሁ «መስኮቱን ዝጉ!» ብዬ የጮህሁት እኔ ነኝ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «ቲቸር፣ ዛሬስ ከሕዝቡ ጋር ታረቅሽ?» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። ሁሉም ዘጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናው በሙሉ የእኔ ወገን ሆነ፣ ኩራት ኩራት አለኝ።

ከከተማው መውጫ ላይ እሳት ሲያጠፉ የሰነበቱ የዳባት ሰዎች እጃቸውን አነሱ። ተሳፋሪው ከመቀመጫው እየተነሳ ተቀበላቸው። ምርቃቱ ለጉድ ነው። ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከጎናችን ተቀመጡ። ልጄ ፋታ አልሰጠቻቸውም። «አባባ፣ ዋልያዎቹስ የት ሄዱ? ጭላዳዎቹስ?»

«ገደል ገደሉን ይዘው ወረዱ፣ የኔ ልጅ። ከእኛ እነሱ ይሻላሉ።»

መኪናው ሁሉ ጠያቂ ሆነ። እሳቱ በየት ዘለለ፣ ንፋሱ በየት ዞረ፣ አፈሩን እንዴት ቆፈራችሁት ይባላል። እኔም ባሌን እንዳዩት ጠይቄ፣ አካፋ የያዘ ረጅም መምህር ደህና መሆኑን ሰማሁ። በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም። ጭሱን አልፈናል፣ ውጭው ጥርት ብሏል፣ አባቷ ደህና ነው።

«አባባ… እሳቱ… እርስዎን…» አለች ልጄ። ቀጥሎ ምንም አልመጣም። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሳበ፣ ደረቷ ያፏጫል።

ፓፉን በጠርሙሱ ሰጠኋት። አልተሻላትም። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ምን ነካት ብዬ ስዞር የጭስ ሽታ አፍንጫዬን አቃጠለኝ። ጭሱ አብሮን ተሳፍሮ ኖሯል። በሰዎቹ ጋቢ፣ በኮታቸው፣ በፀጉራቸው ገብቶ፣ እኔው በዘጋሁት መኪና ውስጥ ታፍኗል።

«ክፈቱ!» ብዬ መስኮቱን ሳብሁት። ፊት ለፊቴ ያሉት እናት መልሰው ገፉት። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሰዎች ላባቸው አልደረቀም። ለእኛ ሲሉ ተቃጥለው መጥተው ንፋስ ይምታቸው?» ሌላውም ሌላውም ደገፋቸው። ክፋት እንዳይመስላችሁ። ላባቸው ያልደረቀ ባለውለታዎችን ከንፋስ መጠበቅ የተሳፋሪው ሁሉ ግዴታ ነው። እኔ ግን ያኔ ደግነት አይታየኝም። «ምች የገደለው ሰው ካለ አምጡልኝ! ልጄ ግን እዚህ እየሞተችብኝ ነው!» ብዬ ጮህሁ።

ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው «ዝም በሉ እስቲ» አሉ። ጆሯቸውን ወደ ልጄ ጀርባ አስጠጉ። «ይኸን ፉጨት አውቀዋለሁ። ትናንት ጭሱ ሲዘጋብኝ የገዛ ደረቴ እንዲህ ያፏጭ ነበር። አየር አገኝ ብዬ መሬት ላይ ተደፍቼ ነው የተረፍሁ።» ቀጥለው የጋቢያቸውን ጫፍ አሸተቱና ፊታቸው ተለወጠ። «ሹፌር፣ አቁምልን ወዲህ። ይኸ ሁሉ ጭስ ከእኛው ነው።»

መኪናው ቆመ። እኔ ልጄን አቅፌ ሜዳው ላይ ፓፉን ደገምሁላት። ሰዎቹ ጋቢውን፣ ኮቱን፣ ሹራቡን እያወለቁ ከጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ አሰሩት። በዚያ በደጋው ብርድ በስስ ሸሚዝ ተመልሰው ገቡና መስኮቱን ሁሉ ራሳቸው ከፈቱት። እኒያ እናት ነጠላቸውን አውልቀው የሽማግሌውን ትከሻ አለበሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ሐሴት ነበር፤ ሌላ ቃል የለኝም። ንፋሱ ከግራ ገብቶ በቀኝ ይወጣል፣ ሰው ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ዝጉት የሚል ግን ጠፋ። እኔ የማየው የልጄን ከንፈር ብቻ ነው። «ውሃ» አለች። ቆይታ «ውሃ ስጪኝ» አለች። ትከሻዋ ወረደ። እኔ ግን ገና ሙሉ ዓረፍተ ነገር እጠብቃለሁ።

የዳባት ቆርቆሮ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ እነዚህ ሰዎች ግን ለምንድን ነው መስኮቱን ሁሉ የከፈቱት በጣም በረደኝ እኮ ዝጊልኝ!»

በአንድ ትንፋሽ።

መኪናው በሳቅ ፈነዳ። ሽማግሌው ነጠላው ውስጥ ሆነው እየተንቀጠቀጡ ይስቃሉ፣ እኒያ እናት «አላልሁም?» ይላሉ፣ እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቅቶኛል። እያለቀስሁ፣ በገዛ እጄ መስኮቱን ዘጋሁላት።