ከእትዬ ዘይነባ እጅ አልበላሁም

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን የነገርኳቸው የማይረባውን ግማሹን ነው። እሳቸውም ሰምተው፣ ስግደት አዝዘው፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉኝ። የተፈታሁት ግን ካልታሰርኩበት ነው። የታሰርኩበትን ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ፤ ሰምታችሁ ስታበቁ የፈለጋችሁትን በሉኝ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልቁረጥላችሁ። ሥጋ በልቻለሁ። የሙስሊም ሥጋ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ፣ ማተቤ አንገቴ ላይ እያለ በልቻለሁ፤ ጣፍጦኛልም። ስለ እሱ ልትሰሙ የመጣችሁ ካላችሁ ከዚሁ ተመለሱ። እሱ በእኔና በፈጣሪዬ መካከል ያለ ነገር ነው፤ ስለ ሥጋው አልናዘዝም።

ነገሩ የሆነው ካምፓችን ውስጥ ነው። ከአምበር ወጣ ብሎ ባለ ግቢ፣ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ክረምት በገባ ቁጥር ከማርቆስ፣ ከሉማሜና ከጉንደ ወይን ልጆች ሰብስቦ ያከርመን ነበር። ችግኝ እንተክላለን፣ መዝሙር እናጠናለን፣ ጭቃው ላይ ኳስ እንራገጣለን። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ሲደበድበው መምህሩ እየጮኸ ያስተምራል፤ "ገባችሁ?" ሲለን ምንም ሳንሰማ "ገብቶናል!" እንላለን። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ቦታ የለም። በሠርጌ ቀን እንኳ እንደዚያ አልሳቅሁም፤ ባሌ ይህን ቢያነብ አይከፋው።

ማእድ ቤቱ ሁለት ነበር። በአገራችን ደንብ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት በግ ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ በየወገናችን ትሪ እንከባለን። ለሙስሊሞቹ ልጆች የሚያበስሉት እትዬ ዘይነባ ነበሩ፤ የአምበር ሴት ናቸው፣ ባል የሞተባቸው። እኛ ከሳቸው ድስት አንበላም እንጂ ጫማችን የሚደርቀው በሳቸው ምድጃ ዙሪያ ነበር። የራሰ ካልሲያችንን የክርስቲያን፣ የሙስሊም ሳይሉ ይደረድሩታል፤ ጠዋት እንደሞቀ እግራችን ላይ ራሳቸው ያጠልቁልናል። "እግር ከበረደው ትምህርት አይገባም" ይሉ ነበር።

ጓደኛዬ ራቢያ የሉማሜ ባለሱቅ ልጅ ናት። ብርድ ልብስ እንጋራለን፣ ማበጠሪያ እንጋራለን፣ ምስጢርም እንጋራለን። የማንጋራው ትሪ ብቻ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ይህ ለምን ሆነ ብትል ጥፋት ነው? እኔ ግን መጠየቁንም ትቼው አንድ ቅዳሜ ሄጄ ከነራቢያ ትሪ አጠገብ ቁጢጥ አልኩና እጄን ሰደድኩ። ራቢያ፣ ስሜን አሳጥራ እናኑ ነው የምትለኝ፣ እጄን ለቀም አደረገችው።

"ተይ እናኑ! አባትሽ ይገድሉሻል!"

"ማን ይነግርብኛል?" አልኳትና ጎረስኩ። ደገምኩም።

እትዬ ዘይነባ የት ነበሩ? እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ከማእድ ቤቱ ጀርባ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ሰላት ላይ ነበሩ። ከተቀመጥኩበት ይታዩኝ ነበር። እሳቸው ግንባራቸውን መሬት ሲያስነኩ ነው እኔ ሁለተኛውን የጎረስኩት።

ወሬው እጄን ሳልታጠብ ግቢውን አዳረሰ። ማርቆስ ለመድረስም አልዘገየም። አባቴ ዝናብ እየደበደባቸው መጡ፤ ጋቢያቸው ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። አስተባባሪው ጋሽ ታደለ አጠገባቸው ቆሙ። ልጆች ሁሉ በራፍ ላይ ተኮልኩለው ያያሉ። አባቴ "ለምን በላሽ?" አላሉኝም።

"ማነው ያበላሽ?" አሉኝ።

"እትዬ ዘይነባ ናቸው። የክርስቲያን ነው ብለው ሰጡኝ።"

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አላስጠናኝም። እኔው ነኝ አስቤ፣ ቃሉን መርጬ፣ "የክርስቲያን ነው ብለው" የምትለዋን ጨምሬ የተናገርኩት። ፈርቼ ነበር? አዎ፣ ፈርቼ ነበር። የፈራ ልጅ ሁሉ ሰው ይሸጣል? ራቢያም ፈርታ ነበር፤ ግን "ውሸቷን ነው! ራሷ ናት የበላችው፣ እትዬ ሰላት ላይ ነበሩ!" አለች። ማን ይስማት? "ለወገኗ ልትመሰክር ነው" አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ራቢያ አናግራኝ አታውቅም።

እትዬ ዘይነባ አልጮሁም፣ አልማሉም። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ። ከዚያ የማእድ ቤቱን ቁልፍ ለጋሽ ታደለ ሰጥተው በዚያ ዝናብ ወጥተው ሄዱ። የእኔ ካልሲ እዚያው ምድጃቸው ዙሪያ ነበር።

ለእኔ፣ ሰልሞ ለተመለሰ ሰው የሚነበበው ቄደር ተነበበልኝ፣ ጠበል ተረጨሁ፣ ነጻች ተባለ። እትዬ ዘይነባን ግን የሚያነጻቸው አልተገኘም። በሚቀጥለው ክረምት የሙስሊም ልጆች አልተጠሩም፤ ጥቂት ቆይቶ ድርጅቱም ወጣ፣ ካምፑም ተዘጋ።

ዘንድሮ የካምፑ ልጆች በቴሌግራም ተጠራርተን ሐምሌ ላይ ለሁለት ቀን እዚያው ተገናኘን። አዳራሹ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። ልጆች ሆነን የተከልነው ጽድ አድጎ ጫፉን ለማየት አንጋጠጥን። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር አንዱ "ገባችሁ?" ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም በአንድ አፍ "ገብቶናል!" አልን። በደስታ አለቀስኩ። ራቢያ አልነበረችም፤ ማንም አልጠራትም።

ደስታዬ የቆየው እስከ ምሳ ነው። ጋሽ ታደለ አርጅተዋል፣ ጨዋታቸው ግን አላረጀም። ጉርሻቸውን ዋጥ አድርገው "የመሪጌታን ልጅ ያሰለመችውን ዘይነባን ታስታውሷታላችሁ?" አሉ። ሰው ሳቀ። ወደ እኔ እያዩ "አንቺማ ለጥቂት ተረፍሽ!" አሉኝ። እኔም ሳቅሁ። አትለፉት ይህን። ያኔ ልጅ ነበርኩ እንበል፤ አሁን የልጆች እናት ሆኜ ነው የሳቅሁት።

በማግስቱ አምበር ወረድኩ። ባለባጃጁን እትዬ ዘይነባ ዘንድ አድርሰኝ ስለው "የትኛዋ ዘይነባ?" አለኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳው? ሲቸግረው ራሱ "የመሪጌታን ልጅ ያሰለመችዋ ናት?" አለኝ። ያ ነገር ሲሆን ያልተወለደ ልጅ ነው። "አዎ" አልኩት። ከዚህ ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

በልጃቸው ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ማን እንደሆንኩ መናገር አቃተኝ። አንድ ሕፃን ሳንቲሙን ጨብጦ ከረሜላ ሊገዛ መጣ። ከረሜላው እትዬ ዘይነባ ክንድ ሥር ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን ሰብስበው "ከድጃ! ነይ ለልጁ ስጪው!" ብለው ልጃቸውን ከጓዳ ጠሩ።

"ምነው፣ እርስዎ ቢሰጡትስ?" አልኩ።

"እኔ ለልጅ በእጄ ምንም አላቀብልም። እናቶቹ አይወዱም" አሉና ዞር ብለው አዩኝ። "አንቺ ታውቂው የለም እንዴ?"

ለካ አውቀውኛል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ራሴ እንደበላሁ፣ እንደዋሸሁባቸው፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት።

"ተነሺ። ይህን ለኔ ምን ታወሪኛለሽ?" አሉኝ። "እኔማ ወላሂ ሰላት ላይ ነበርኩ፣ አውቀዋለሁ። አላህም ያውቀዋል። ሂጂና ለማያውቀው ንገሪ።"

"ይቅር ይሉኛል?"

"ለገበያው ነግረሽ ስትጨርሺ ነይ። ያኔ እንነጋገራለን።"

ወደ ካምፑ ተመለስኩ። ሰው ሊለያይ ጓዙን ይሸክፋል። መሀላቸው ቆሜ ተናገርኩ። ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ልጅ ነበርሽ እኮ!" "የድሮ ነገር ምን ያደርጋል?" ጋሽ ታደለ ጠጋ ብለው "ተይ ልጄ፣ የአባትሽን ስም አስቢ" አሉኝ። የእትዬ ዘይነባ ስም ስም አይደለም? ቴሌግራሙም ላይ ጻፍኩት። አንዷ ልብ ላከችልኝ፤ ሌላው የምሳውን ፎቶ ለጠፈበት፣ በዚያው አለቀ።

ለአባቴ በቃሌ ነገርኳቸው። "ማነው ያበላሽ ብዬ የጠየቅሁሽ እኔ ነኝ" አሉ። "የመለስኩት ግን እኔ ነኝ" አልኳቸው። ሰበቡን ከአባቴ እንኳ አልቀበልም፤ ከእናንተም አልቀበልም። ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ። ውሸቱን ከአምበር እስከ ጉንደ ወይን በአንድ ሳምንት ገበያ ያደረሳችሁት እናንተ ናችሁ፤ እውነቱ ሲሆን ምነው ከበዳችሁ?

ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታው የእትዬ ዘይነባ ነው፤ እሳቸውም ገና አልሰጡኝም። ከእናንተ የምፈልገው ወሬ ነው። ቅዳሜ ገበያ ስትወጡ "የመሪጌታን ልጅ ያሰለመችው" የሚል ሰው ከሰማችሁ አስቁሙትና እንዲህ በሉት፦ ልጅቷ እናትነሽ ትባላለች፤ በገዛ እጇ ነው የበላችው፤ ሴትዮዋ ሰላት ላይ ነበሩ።