ያላለቀ ምስክርነት

ወንድሜን ዘርይሁንን የማያውቅ የናይሮቢ ኢስትሊ ሐበሻ የለም። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ አፉ ከመቀሱ ይፈጥናል። እኔ ታላቅ እህቱ የሺወርቅ ስሙ ሲነሳ ቀና የምለው ግን በመቀሱ አይደለም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መጠጥ ሊያጠፋው ደርሶ ነበር። ጠዋት ጠዋት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ደንበኛው ሁሉ ሸሸው። ተጸለየለት፣ ተወ፤ ቤተ ክርስቲያናችን መድረክ ላይ ወጥቶም «ጌታ ከመጠጥ ፈታኝ» ብሎ መሰከረ። እልልታው ለጉድ ነበር። ችግሩ፣ እኛ ዘንድ የሚመሰከረው ስላለቀ ነገር ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ መጠጡ ሲያገረሽበት የት ይግባ? ያ ሁሉ እልልታ ትዝ እያለው ከምእመኑ ተደበቀ። እነሱም መንገድ ላይ ሲያዩት ተሻግረው ያልፉ ነበር። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መላ ያገኘችለት አንዲት ኬንያዊት ነርስ ናት። ሱስ በሽታ ነው፣ ሊያገረሽ ይችላል፣ ሲያገረሽም እንደገና ይታከማል አለችው። ሱስም የአእምሮ ሕመምም ወደሚታከምበት፣ ከተማው ማዶ ወዳለ ማዕከል፣ ከኢስትሊ ማታቱ የሚሉትን ሚኒባስ እየቀያየረ መመላለስ ጀመረ። ዛሬም ይመላለሳል።

ባለፈው ወር ስለ አእምሮ ጤናና ስለ ሱስ ሕክምና በተረቀቀ ሕግ ላይ የሰፈሩ ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠራ። ሕጉ ከጸደቀ ሕክምናው በየሰፈሩ ጤና ጣቢያ ይሰጣል ተባለ። ዘርይሁን እናገራለሁ አለ። ይህን የሰሙት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታዲዮስ ፀጉር ማስተካከያ ሱቁ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ በአደባባይ ራስህን አታዋርድ» አሉት። «የመሰከርክበትንም ቤት አታሰድብ።»

«እኔ ዝም ካልኩ ማን ይናገራል፣ ጋሼ?»

«ሌላ ይናገር። ስምህ ከጠፋ ማን ፀጉሩን ይሰጥሃል?»

እዚህ ላይ ልክ ነበሩ። ያ ሱቅ እንጀራው ነው፤ በስንት መከራ የተመለሱ ደንበኞች ዳግመኛ ከሸሹት መነሻ የለውም። በስብሰባው ቀን ጠዋት «ልሂድ ወይስ ልቅር?» ሲለኝ፣ «ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ» አልኩት።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ታዲዮስም መጥተው ከኋላ ተቀምጠዋል። ተራው ሲደርስ ወንድሜ ማይኩን ይዞ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ፣ በስዋሂሊ ተናገረ።

«ስሜ ዘርይሁን ይባላል፤ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ድኛለሁ ልላችሁ አልመጣሁም። ዛሬ አልጠጣሁም፣ ሐሙስ ሐኪሜ ጋ ቀጠሮ አለኝ፤ ያለኝ ይኸው ነው። ስወድቅ የሚያነሳኝ ቦታ ሩቅ ነበር። ሕጉ ያቅርብልን። ባሲ፣ በቃኝ።»

እልልታ የለም፣ ጭብጨባ የለም። እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

ጋሽ ታዲዮስ ከኋላ ተነሱ። ሊያስተባብሉ መስሎኝ ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ማይክም አልፈለጉም። ወደ ወንድሜ ዞረው፣ ያ ሁሉ ሐበሻ እየሰማ፣ በአማርኛ እንዲህ አሉ፦

«ሴት ልጄ ልዕልት አዲስ አበባ ሄዳለች ያልኳችሁ ውሸት ነው። ቤት ናት። አእምሮዋን ታማ በሯን ከዘጋች ዓመት አለፋት። ሐሙስ ስትሄድ እኛንም ይዘኸን ሂድ።»

ዘርይሁን ማይኩን አስቀመጠ።

«ማልዳችሁ ተዘጋጁ፣ ጋሼ» አላቸው። «መጥቼ እወስዳችኋለሁ።»