አክስቴ ቤት በእንግድነት

ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ከሐዋሳ የመጡ ሁለት ባልደረቦቼ፣ ምሳ በልተን ስንወጣ፣ «ሶዶን በእግር የሚያሳየን ሰው አይገኝም?» አሉኝ። «ብዙም የሚታይ ነገር የለም፤ ፀሐዩም ከባድ ነው» አልኳቸው። ሰማዩ ግን ደመና ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ በዚችው ከተማ አስጎብኚ ነበርኩ። ታደሰ የሚባል የአረካ ልጅ የድሮ ሰፈሮችን በእግር ማስጎብኘት ጀምሮ፣ አማርኛዋ ጥሩ ነው ብሎ ቀጠረኝ። ዓይን አፋር መሆኔን ያወቀው ዘግይቶ ነው። የእንጨት በረንዳ ያላቸውን የቆርቆሮ ቤቶች፣ በድሮ ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳክስፎን ይነፋበት የነበረውን ጭፈራ ቤት፣ የእንግዶቹን ጫማ እያየሁ በቃሌ አስረዳ ነበር።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ በዓል ባለፈ በሳምንቱ፣ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ፣ ታደሰ ከአዲስ አበባ ለመጡ አራት እንግዶች፣ «ዛሬ አዲስ ቦታ ጨምሬላችኋለሁ» አላቸው። «የታወቀ ቃልቻ ቤት ነው። ከበዴሳ፣ ከቢጠና ድረስ ሰው ይመጣ ነበር። ከበሮው እስኪነጋ ይመታ ነበር አሉ። ልጃቸው አሁንም እዚያው ትኖራለች፤ ተነጋግረናል።»

እጁን የዘረጋው ወደ አክስቴ መንደር ነበር። ቃልቻው አያቴ ናቸው፤ ልጃቸው የአባቴ ታላቅ እህት፣ አክስቴ ወርቄ ናት። አባቴ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። አክስቴ በልጅነቴ አሳድጋኛለች፤ ሁልጊዜ እንጠይቃታለን፣ የአያቴን ነገር ግን በቤታችን ማንም አያነሳም። «ውጭ እንዳትናገሪ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት። አልሄድም እንዳልል ምክንያት መስጠት አለብኝ፤ ምክንያቱ ደግሞ ራሱ ምስጢሩ ነው። በእንሰት አጥር መሃል መንገዱ እየጠበበ ሲሄድ፣ ከፊቴ ታደሰ፣ ከኋላዬ እንግዶቹ፣ እንደ ታሰረች በግ ተነዳሁ።

አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ስሜን ልትጠራ አፏን ከፈተች።

«ጤና ይስጥልኝ እማማ! እንግዶች ይዘን መጥተናል» አልኳት፣ ቀድሜ፣ ጮክ ብዬ።

አፏን ቀስ ብላ ገጠመች። «ግቡ» አለች። «ቤቱ የእናንተው ነው።»

ወፈር ያለው እንግዳ ጣሪያውን እያየ፣ «እማማ፣ መንፈሱ አሁንም አለ እንዴ? እንዳይዘኝ!» አለ።

አክስቴ ከላይ እስከ ታች ለካችው። «አንተን የሚሸከም መንፈስ የለም፣ ልጄ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ የዳንኩ መሰለኝ። አክስቴ የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ጋር በእንሰት ቅጠል ላይ አቀረበች። በእኛ ዘንድ ምግብ ሲቀርብ የቤቱ ልጅ ቁጭ አትልም፤ ሳይነግሯት ተነስታ እጅ ታስታጥባለች። ሳላስበው ተነሳሁ። በጓሮ በር ወጥቼ፣ ከበርሜሉ ኋላ ጆጉን፣ ሳፋውን፣ ከአጥሩ ስንጥቅ ሳሙናውን ይዤ ተመለስኩ። ገና እንግዶቹ ፊት ስቆም ነው የሠራሁት የገባኝ።

«አንቺ!» አለ ታደሰ እየሳቀ። «ሳሙናው የት እንዳለ ማን ነገረሽ? ቤትሽ ነው እንዴ?»

ሁሉም አዩኝ። አዎ ማለት ነበረብኝ። አንዲት ቃል ነበረች።

«እኔ ነኝ ያሳየኋት፣ ቅድም ስትገባ» አለች አክስቴ። ጆጉን ከእጄ ወሰደችው። «ነይ፣ አንቺም ታጠቢ። እንግዳ አያስታጥብም።»

ያሳደገችኝ ሴት በእጄ ላይ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ያን ሥራ በወሩ ተውኩት። አክስቴ ለአባቴም ለማንም አልተናገረችም፤ ለእኔም አላነሳችብኝም። ይቅርታ ልጠይቃት ብዙ ጊዜ መንገድ ጀምሬያለሁ። ነገር ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እንዳፈርኩባት ፊት ለፊቷ መናገር አለብኝ፤ ያንን ደግሞ እሷ ገና ሳልጀምር በሌላ ወሬ ትዘጋብኛለች። ከዚያ ቀን በፊት በሩን ሳልረግጥ፣ «አንቺ ሰነፍ፣ እንጨት አምጪ! ጎደሬ ላጪ!» ትለኝ ነበር። አሁን ወንበሩን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ «አረፍ በይ፣ ደክሞሻል» ትለኛለች።

ባለፈው እሁድ ሄጄ ነበር። ልረዳት ስነሳ በእጇ መለሰችኝ። ተቀምጬ፣ ጎንበስ ብላ እንጨቱን ተሸክማ ስትገባ አየኋት።