በድምፅ ብልጫ የዳነ ልብ

የአራስ ልጄ ልብ ጤነኛ ነው ተብሎ በቀበሌ ስብሰባ፣ በድምፅ ብልጫ ተወሰነብኝ።

ቴፒ አካባቢ አንድ የቡና እርሻ ውስጥ የቀን ሠራተኞች ነበርን። ሚስቴ የለቀማ ዘመቻ ነው ተብሎ እስከወለደችበት ሳምንት ድረስ ከቡናው ሥር አልወጣችም፤ ምሳዋ ጎደሬ፣ እራቷም ጎደሬ። ልጅቷ ወሯን ጨርሳ ተወለደች፤ ግን በአንድ መዳፌ ትያዝ ነበር። የክሊኒኩ ድሬሰር ደረቷን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለወጠ።

«ማኅፀን ውስጥ ምግብ አጥሯት ነው የቀጨጨችው። የልቧም ምት ደስ አይልም። ጅማ ወስደህ በመሣሪያ ትታይ» አለኝ።

ጅማ ለመሄድ ደግሞ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ጉዳዩን ለስብሰባ አቀረበው።

«ጓድ፣ እርሻችን እናቶችን ያስርባል ነው የምትለው?»

«ልጄ ታማለች ነው የምለው።»

«እሱ ነዋ። የላብ አደር ልጅ ልቧ ደክሞ ተወለደች ስትል ምን ማለትህ እንደሆነ ይገባሃል? በሉ፣ የልጅቷ ልብ ጤነኛ ነው የምትሉ እጅ አውጡ።»

እጅ ወጣ። ድሬሰሩም መሬት መሬት እያየ አወጣ። ልጅቷ እናቷ ጀርባ ላይ ተኝታለች፤ የእሷን ሐሳብ የጠየቀ የለም። ውሳኔው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ በራሴ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። ዐይንህ ይበራል ብለውኝ ነበር፤ በራልኝ።

ከዚያ ወዲያ ይለፍ በጠየቅኩ ቁጥር መልሱ አንድ ሆነ፤ ጤነኛ ልጅ ታቅፎ ሐኪም ቤት የሚዞር ሥራ ፈት ነው። እኛም እጃችንን ደረቷ ላይ አድርገን አሳደግናት። መራመድ ስትጀምር ባሰብን። ለመሮጥ ስትነሳ እንይዛታለን፤ ስለያዝናት ታለቅሳለች፣ ስታለቅስ ደግሞ እንደነግጣለን።

በመጨረሻ አንዲት አክስት ፈጠርኩና ጅማ ላይ ገደልኳት። ሊቀመንበሩ ከወንበሩ ተነሳ።

«አይ ወንድሜ፣ እግዜር ያጽናህ» አለኝ፣ እግዜር የለም ሲለን በከረመ አፉ። የሦስታችንንም ይለፍ እዚያው ፈረመ። ለለቅሶ ስብሰባ አይጠራም።

ቡና በጫነ መኪና በሚዛን አድርገን ጅማ ገባን። ሐኪሙ በመሣሪያ አያት፣ ደጋግሞም አዳመጣት።

«ሆድ ውስጥ የተራበ ልጅ ልቡ ከአቅሙ በላይ ይለፋል፤ ድሬሰሩ የሰማው እሱን ይሆናል። አልተሳሳተም። አሁን ግን ልቧ ደኅና ነው። ስታድግ ደም ግፊቷን አስለኩላት። በተረፈ ተዉአት፣ ትሩጥ።»

ሚስቴ ከጀርባዋ ፈታ ግቢው ውስጥ ለቀቀቻት። ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነስታ ደግሞ ሮጠች፤ ማናችንም አልያዝናትም። ግንቦት 9 ቀን 1975 ዓ.ም. ነበር።