ቤታችን ቅርስ ሆነ፣ እኛ ተሰደድን

ከጉለሌ የወጣነው ሲመሻሽ ነው፤ ዕቃ የጫነልን አይሱዙ ቀን ቀን ከተማ ውስጥ እንዲገባ ስለማይፈቀድለት። ጎረቤቱ በረንዳው ላይ ተደርድሮ ያለቅሳል። ግማሹ በማግስቱ ተረኛ ስለነበር፣ ያለቀሰው ለራሱም ጭምር ነው። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች።

ስደት ስላችሁ የምትስቁ ትኖራላችሁ። ባሕር አልተሻገርንም፣ ፓስፖርትም የጠየቀን የለም። የሄድነው ከጳውሎስ ሆስፒታል ጀርባ ተነስተን አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። ግን ታክሲ በታክሲ ላይ ቀያይሮ፣ በየሰልፉ ተገትሮ፣ ጠዋት ወጥቶ ለምሳ የሚደርስ ሰው ስደተኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ቤሩት ያለችው የአክስቴ ልጅ እንኳ ጉለሌ ለመድረስ ከኛ ትፈጥናለች።

ነገሩን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቤታችን ትልቅ የድሮ ቤት ነው፤ ታቹ ድንጋይ፣ ላዩ ጭቃና እንጨት፣ ዙሪያውን በረንዳ የከበበው፣ የጣራው ጠርዝ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ። የሠራው አርመን ነው የሚሉ አሉ፣ ህንድ ነው የሚሉም አሉ። ያሠራው አንድ ፊታውራሪ ነው። በኋላ ቀበሌ ወረሰውና ለብዙ ቤተሰብ ተሸነሸነ። እኔ የተወለድኩት ምድር ቤት ባለው በእማዬ ክፍል ነው፤ አባቴም ያረፈው እዚያው ነው። እማዬም ሌላ ቦታ የመሞት ሐሳብ የላትም።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው የተባለ ጊዜ፣ ቤት የሚመዘግቡ ወጣቶች መጡ። ታሪክ ያለው ቤት አይነካም የሚል ወሬ ቀድሟቸው ነበር። የፎቁ ተከራይ እትዬ አስካለ፣ አንደበታቸው ማር ነው፣ በረንዳው ላይ ቆመው ቤቱን ታሪክ አለበሱት። አንዲት ልዕልት ክረምቱን እዚህ ከረሙ፤ በዚህ መስኮት እንጦጦ ማርያምን ተሳለሙ፤ ምጥ ሲይዛቸው ደግሞ ታች ወርደው ወለዱ። እትዬ አስካለ ሲዋሹ የገዛ እንባቸው ይመጣል። ልጆቹ እየጻፉ እማዬ ዘንድ ደረሱ።

“እማማ፣ ልዕልቲቱ የወለዱት እዚህ ነው?”

“የምን ልዕልት? ይሄ የፊታውራሪ የበቅሎ ጋጥ ነበር። ይኸው፣ ምሰሶውን እንኳ የጋጡት በቅሎዎቹ ናቸው።”

ልጁ እስክሪብቶውን ከደነ። ግቢው በሙሉ እማዬን አኮረፋት።

ያም ሆኖ ውሸቱ ሠራ፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ሠራ። ቤቱ ቅርስ ተባለ፣ በሩ ላይ ሰሌዳ ተሰቀለ፣ እልልታው ቀለጠ። ከሰሌዳው ቀጥሎ የመጣው ግን ልቀቁ የሚል ወረቀት ነው። እየተንደረደርኩ ወረቀቱን ያወጣው ቢሮ ሄድኩ።

“ቅርስ ውስጥ ሰው አይኖርም” አለኝ ኃላፊው፣ በትሕትና።

“እስከ ትናንት ስንኖር አልነበር እንዴ?”

“እስከ ትናንት ቅርስ አልነበረማ።”

“ታዲያ እትዬ አስካለን እንዴት ልቀቁ አላላችሁም?”

“እሳቸው አስጎብኚ ናቸው። ታሪኩን ከሳቸው ሌላ የሚያውቅ አልተገኘም።”

“እናቴም ቤቱን ከጥግ እስከ ጥግ ታውቀዋለች። እሷንም ቅጠሯት።”

መዝገቡን ገለጠ። “እናትሽ... በቅሎ ያሉት ናቸው አይደል? እ... ማለቴ፣ ለቅርሱ አይመቹም።”

አራብሳ ፀሐይ አላት፤ አልዋሽም። ጉለሌ ጋቢ ላይ ጋቢ የምደርብ ሰው እዚህ በነጠላ ያልበኛል። ነገር ግን ዳቦው ከሩቅ አገር መጥቶ፣ ደክሞት ነው የሚደርሰው። ሰውም በስሙ አይጠራም፣ በብሎኩ ነው። ጨው ልበደር ብዬ ያንኳኳሁባት ጎረቤት ሰንሰለቱን ሳትፈታ በበሩ ስንጥቅ አሾልካ ሰጠችኝ፤ ባርካ እንደሰጠችኝ ቆጥሬ ተቀበልኩ።

አንድ ቀን የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ መጣ።

“እማማ፣ ኮመን የጋራ ነው፤ እዚያ በርበሬ ማስጣት ክልክል ነው።”

“እሺ ልጄ። ይሄን ቤት ማን ሠራው?”

“ኮንትራክተር ነዋ።”

“ከኛ በፊት ማን ኖረበት?”

“ማንም። አዲስ ነው።”

“ሰው ሞቶበት አያውቅም?”

“ኧረ በጭራሽ!” አለ፣ ቤቱን ያመሰገነችለት መስሎት።

“እና እኔ ልጀምረው ነው?”

ሰውዬው በርበሬውን ረስቶ ደረጃውን ወረደ። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቁ ግን አልዘለቀኝም። እማዬ ዕቃዋን እስከ ዛሬ ከማዳበሪያው አላወጣችም፤ ለመመለሻ ይመቻል ትላለች። እህል ቀንሳለች። ባልኮኒው ላይ ትቀመጥና እንጦጦ በየት በኩል ነው እያለች ትጠይቀኛለች። እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ፤ ከዚያም በላይ፣ እዚህ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ።

ባለፈው እሑድ ለእትዬ አስካለ ደወልኩ። እማዬም ትስማ ብዬ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

“ቆዪ፣ ጎብኚ ይዣለሁ” አሉና ሳይዘጉት ቀጠሉ። “ይኼ እንግዲህ ልዕልቲቱ የወለዱበት አልጋ ነው። ገመዱን እንዳታልፉ፣ መቀመጥ ክልክል ነው...”

አልጋው የእማዬ ነው። ከመርካቶ ያመጣነው፣ በበሩ አልወጣ ብሎን ጥለነው የመጣነው አልጋ። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝ።

“አስካለ! ቤቴ ሰው አለ እንዴ?”

“አለ። ሥራ ላይ ነኝ እኮ፣ በቃ በኋላ...”

“ቆመው ነው?”

“ቆመው ነዋ። ገመድ አለ አልኩሽ።”

ከወዲያ ማዶ አንድ ጎብኚ “ማናቸው የሚያነጋግሩዎት?” ሲል ሰማሁ። ለልዕልት ክረምትና ምጥ የሰጡት እትዬ አስካለ፣ ያን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የቤቱ እመቤት ናቸው” አሉ።

እማዬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣ ጫማዋን በእግሯ እየዳበሰች ትፈልጋለች።

“በይ ገመዱን አንሺና አልጋው ላይ አስቀምጫቸው” አለች። “እንግዳ እንዴት ይቆማል? መጣሁ በያቸው።”